የመድኃኒት ዕፅዋትና አፍንጫ፦ ተሕዋስያንን የሚከላከል የአፍንጫ መድኃኒት እንዴት ይገኛል?

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በየገበያው ተፈላጊነታቸው ጨመረ፤ ዋጋቸውም ናረ። በየቤቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተቀቀለ በእንፋሎቱ ተታጠነ፤ ዳማከሴ እየታሸ ተሸተተ፤ አንዳንዱም የዕፅ ጭማቂ በቀጥታ ወደ አፍንጫው አንጠበጠበ። ይህን ያደረገ ሰው የተመለከተበት አቅጣጫ ፈጽሞ የተሳሳተ አልነበረም። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከሚገባባቸው በሮች ዋነኛው አፍንጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ ጥናቶችም ቫይረሱ የሚጣበቅበት ኤሲኢ-2 የተባለው ተቀባይ በአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት ላይ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ተሕዋሱን ገና ከበሩ ላይ የሚያስቀር መድኃኒት ማዘጋጀት በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎችም የሚደክሙበት ጉዳይ ነው። ነገር ግን በቤት በተጨመቀ ቅጠልና ተመርምሮ በተፈቀደ የአፍንጫ መድኃኒት መካከል ያለው ርቀት ብዙ ሰው ከሚገምተው ይረዝማል። ርቀቱ የረዘመበትን ምክንያት ማወቅ ራስንም ሕፃናትንም ከጉዳት ይጠብቃል።

አፍንጫ የራሱ ዘበኛ አለው

የአፍንጫ ውስጠኛ ክፍል በስስ ንፍጥ የተለበጠ ነው። ከንፍጡ ሥር በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፀጉሮች አሉ። እነዚህ ፀጉሮች በአንድ ሰኮንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እየቀዘፉ ንፍጡን በላዩ ከተጣበቀው አቧራና ተሕዋስ ጋር ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። የጉዞው ፍጥነት በደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ጉሮሮ የደረሰው ይዋጣል፤ አብዛኛው ተሕዋስም በጨጓራ አሲድ ይጠፋል። ንፍጥ በዕለት ተዕለት ንግግር የሚናቅ ነገር ቢሆንም፣ ጤናማ ንፍጥ የሌለው አፍንጫ ዘበኛ እንደሌለው ግቢ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ወደ አፍንጫ የገባ ማንኛውም ፈሳሽ፣ መድኃኒትም ቢሆን፣ አብዛኛው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ተጠርጎ ይወጣል። ጠዋት የተንጠበጠበ ጭማቂ እስከ ማታ ይጠብቀኛል ብሎ ወደ ተጨናነቀ ታክሲ መግባት መሠረት የለውም። ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ፣ ረቂቅ ፀጉሮቹን የሚያደነዝዝ ወይም የንፍጡን ሽፋን የሚያቃጥል ነገር ተሕዋስን ቢገድል እንኳ በሩን ከፍቶ የሚሄድ መሆኑ ነው። የጤናማ አፍንጫ የአሲድነት ልክ በፒኤች መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ገደማ ሲሆን የሎሚ ጭማቂ ግን ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ አሲዱ በ10 እጥፍ ስለሚበረታ፣ ሎሚ በአፍንጫ ማንጠብጠብ ከአፍንጫው ተፈጥሮ ቢያንስ በመቶዎች እጥፍ የበረታ አሲድ ማፍሰስ ነው።

የማሽተት ነርቮች ጫፎችም በአፍንጫው ጣሪያ ላይ ተዘርግተው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዚንክ የተባለውን ማዕድን የያዙ፣ ለጉንፋን በአፍንጫ የሚወሰዱ ምርቶችን ሕዝቡ እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። ከ100 የሚበልጡ ተጠቃሚዎች የማሽተት ችሎታቸውን እንዳጡ ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ዚንክ በምግብ ውስጥ ለሰውነት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው። በአፍ ሲገባ የሚጠቅም ነገር በአፍንጫ ሲገባ ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ በቡና ለሚጠጣ ጤና አዳምም፣ በወጥ ለሚገባ ነጭ ሽንኩርትም ያገለግላል።

በመስተዋት ሳህን ላይ የሞተ ተሕዋስ

በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚበቅል የጦስኝ ዝርያ አለ። ባሌ፣ መንዝና ስሜን ያሉ ሰዎች በሻይና በወጥ ያውቁታል። መዓዛማ ዘይቱ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውሁዶች አሉት፤ በላቦራቶሪም ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል ተደጋግሞ ታይቷል። ከእነዚህ አንዱ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ከአምስት ሰዎች በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ያለ ማቋረጥ ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ባያደርስም በቀዶ ሕክምና ቁስል ውስጥ ሲገባ ከባድ ኢንፌክሽን ያስከትላል። እንግዲህ ጦስኝ ለአፍንጫ መድኃኒትነት ጥሩ እጩ ይመስላል።

ታይሞልና ካርቫክሮል ባክቴሪያን የሚገድሉት የሕዋሱን ሽፋን በማፍረስ ነው። የአፍንጫ ሕዋሳትም ሽፋን አላቸው። በመስተዋት ሳህን ላይ የባክቴሪያው መሞት ብቻ ይታያል፤ በሳህኑ ላይ የሚቆጣ አፍንጫ የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለት መጠኖችን ለይተው ይለካሉ፦ ተሕዋሱን የሚያጠፋው መጠንና የሰውን ሕዋስ መጉዳት የሚጀምረው መጠን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ ምርምሩ ይቀጥላል፤ ጠባብ ከሆነ ዕፁ የቱንም ያህል ተሕዋስ ቢገድል እዚያው ይቆማል። በረኪናም በሳህን ላይ ቫይረስን ይገድላል፤ ወደ አፍንጫው የሚያስገባው ግን የለም።

ባክቴሪያን መግደል ቫይረስን ከመግደል የተለየ መሆኑም ይዘነጋል። ባክቴሪያ ራሱን ችሎ የሚኖር ሕዋስ ነው፤ ቫይረስ ግን የሚራባው በሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። «ይህ ዕፅ ፀረ ተሕዋስ ነው» የሚል ጥናት ሲነበብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛውን ተሕዋስ የሚለው ነው። ከዚህም በላይ በጤናማ አፍንጫ ውስጥ ጉዳት የሌላቸው ነዋሪ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ቦታውን በመያዝ ጎጂዎቹን የሚያግዱ ናቸው። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል መድኃኒት እነዚህንም ይፈጃል።

ነጭ ሽንኩርት የራሱ ጠባይ አለው። አሊሲን የተባለው፣ ተሕዋስን የሚገድለውና የሽታው ምክንያት የሆነው ውሁድ፣ በደኅናው ሽንኩርት ውስጥ የለም፤ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ሁለት ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ሲገናኙ ነው። ሳይወቀጥ ከተቀቀለ አሊሲንን የሚፈጥረው ኢንዛይም በሙቀቱ ስለሚጠፋ ውሁዱ በብዛት አይገኝም። ወቅጦ ያስቀመጠውም ቢሆን ቀስ በቀስ ይበላሻል። በሌላ በኩል ጥሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በቆዳ ላይ ለሰዓታት ታስሮ ሲቆይ እንደ እሳት እንደሚያቃጥል በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል። የአፍንጫ ሽፋን ደግሞ ከእጅ ቆዳ እጅግ ይሳሳል።

በሰው ላይ የተፈተኑ ሁለት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ቲ ትሪ ከተባለው የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት ነው። ዘይቱ በላቦራቶሪ መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ ሳይቀር ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት ባክቴሪያውን የተሸከሙ 224 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን በአፍንጫ የሚቀባ 10 በመቶ የቲ ትሪ ክሬም፣ ለሌላው ሙፒሮሲን የተባለውን የተለመደ ቅባት ለአምስት ቀናት ሰጠ፤ ሁለቱም ለሰውነት የሚሆን መታጠቢያ ተጨምሮላቸው ነበር። ከአፍንጫቸው ባክቴሪያው የጠፋላቸው በሙፒሮሲን 78 በመቶ፣ በቲ ትሪ ክሬም 47 በመቶ ነበሩ። ከመላው ሰውነት መጥፋቱ ሲታይ ግን 49 በመቶ በ41 በመቶ ሆኖ ልዩነቱ ጠበበ። የዛፉ ዘይት ከንቱ አልነበረም፤ በአፍንጫ ውስጥ ግን ከነባሩ መድኃኒት አነሰ። ይህን ሊናገር የቻለው ሰዎችን በዕጣ የከፈለው ሙከራ ብቻ ነው፤ በሳህን ላይ ብቻ ቢታይ ዘይቱ ያሸነፈ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወረርሽኙ ዘመን ነው። አዮታ ካራጊናን ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ ልዝብ ነገር ነው። አሠራሩ ከላይ ከተጠቀሱት ዘይቶች ይለያል፤ ቫይረሱን አቃጥሎ አይገድልም፤ ይልቁንም በአፍንጫ ሽፋን ላይ እንደ ስስ ሙጫ ተዘርግቶ ቫይረሱ ከሕዋስ ጋር እንዳይጣበቅ ይይዘዋል። በአርጀንቲና የኮሮና ሕሙማንን በሚንከባከቡ 394 የጤና ባለሙያዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ግማሾቹ የካራጊናን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ርጭት በቀን አራት ጊዜ ለ21 ቀናት ወሰዱ። በበሽታው የተያዙት ከመድኃኒቱ ቡድን 2፣ ከማስመሰያው ቡድን 10 ነበሩ። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል። ሆኖም በአጠቃላይ የተያዙት 12 ሰዎች ብቻ በመሆናቸው፣ ጥቂት ሰው ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ይለወጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ ውጤት በሰፊ ሙከራ እስኪደገም ድረስ በጭምብልና በክትባት ፋንታ ሊያዝ አይገባውም።

ከቅጠሉ እስከ ጠርሙሱ

የመጀመሪያው ሥራ ዕፁ ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ ነው። አንድ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት የተለያዩ ዕፅዋትን ሊጠራ ይችላል፤ አንድ ዕፅም በየቋንቋው ልዩ ልዩ ስም አለው። ስለዚህ ናሙናው ከነአበባው ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ብሔራዊ የዕፅዋት ክምችት ባለ ስፍራ ይመዘገባል። አንዱ ጦስኝ ከሌላው ጦስኝ ጋር እኩል አለመሆኑም ይታሰባል፤ ያደገበት ከፍታ፣ አፈሩና የተቆረጠበት ወር በዘይቱ ውስጥ ያሉትን ውሁዶች መጠን ይለውጣሉ። በመድኃኒት ላይ ግን የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ቀጥሎ አወጣጡ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1971 ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለወባ የሚሆን ውሁድ ከአርቴሚሲያ ስታወጣ በከፍተኛ ሙቀት የተዘጋጀው ውጤቱ ይለዋወጥባት ነበር፤ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር ስታወጣው ግን ሠራ። በዚህ ሥራዋ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆናለች። በውኃ የሚወጣው፣ በአልኮል የሚወጣውና በእንፋሎት የሚነጠረው ከአንድ ቅጠል ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወደ አፍንጫው ልክ ማምጣት ይከተላል። የፈሳሹ አሲድነትና የጨው መጠን ከአፍንጫው ጋር ይስማማል፤ ቶሎ ተጠርጎ እንዳይወጣ ልዝብ ነገር ይጨመርበታል። የርጭቱ ጠብታ ከ10 ማይክሮ ሜትር የሚበልጥ እንዲሆን ይደረጋል፤ ከዚህ ያነሰው፣ በተለይም ከ5 በታች የሆነው፣ አፍንጫን አልፎ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። የዕፅ ንጥር በውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ራሱ የባክቴሪያ ምግብ ስለሚሆን ከብክለት የሚጠብቅ ነገር ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ ጠባቂ ግን በበኩሉ ረቂቅ ፀጉሮቹን ያዘገያል። መፍትሔው እየተፈለገ ወራት ይሄዳሉ።

በእንስሳት ላይ ደኅንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሙከራው በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወደ ሰው ይሻገራል፤ መጀመሪያ በጥቂት ፈቃደኛ ጤነኞች፣ ቀጥሎ በመቶዎች፣ በመጨረሻም በብዙ ሰዎች ላይ። መዓዛ ያላቸው ዕፅዋት እዚህ ላይ የተለየ ችግር ያመጣሉ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይውሰድ ማስመሰያውን እንዳያውቅ ይፈለጋል፤ ጦስኝን ወይም ባሕር ዛፍን ግን ሽታው ያጋልጠዋል። ማስመሰያውን ተመሳሳይ ሽታ እንዲኖረው ማድረግ ደግሞ ሽታውን የሚሰጠው ውሁድ ራሱ መድኃኒቱ ሲሆን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የዓለም ጤና ድርጅት፣ የአፍሪካ በሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልና የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ ለኮሮና የሚታሰቡ የዕፅ መድኃኒቶች በሦስተኛ ደረጃ ሙከራ እንዴት እንደሚፈተኑ የሚመራ ሰነድ አጽድቋል። በአገር ውስጥ መድኃኒት ለገበያ የሚቀርበው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲመዘገብ ነው።

ዕውቀቱ የማን እንደሆነም በሕግ ተጠብቋል። ብዙ የባህል ሐኪሞች ዕፁን ለልጃቸው ብቻ ያወርሱና ለተመራማሪ መንገር ይሳናቸዋል፤ ሥጋታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠቀም ሰው ፈቃድ እንዲያገኝና ከጥቅሙ ለማኅበረሰቡ እንዲያካፍል ያስገድዳል።

የመቅለል ስሜት ከየት ይመጣል?

«ዳማከሴ ሸትቼ ዳንኩ» የሚል ሰው አይዋሽም። የዳማከሴ ቅጠል ንጥር በአይጦች ላይ ትኩሳትን እንደሚያበርድ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ምች ለተባለው፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ላለው ሕመም ሲታመንበት መኖሩ እንግዲህ ምክንያት አለው። ትኩሳት መብረዱ ግን ተሕዋሱ መሞቱን አያመለክትም፤ ሰውየው ቀሎት እየተንቀሳቀሰ ቫይረሱን ለቤተሰቡ ሊያስተላልፍ ይችላል። የባሕር ዛፍና የናና ሽታም እንዲሁ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ያሉትን የቅዝቃዜ ነርቮች ስለሚቀሰቅስ አየር በደንብ የገባ ይመስላል፤ የታፈነው አፍንጫ ስፋት ሲለካ ግን ለውጥ አይታይበትም። ስሜቱ ጎጂ ባይሆንም ትንፋሽ እያጠረው ያለን ሰው «ተሻለኝ» አሰኝቶ ከሕክምና ሊያዘገየው ይችላል።

በቤት ውስጥ ሊደረግና ሊተው የሚገባው

የዕፅ ጭማቂ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ማንኛውም ዘይት በአፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ በጥብቅ ይመከራል። ለሕፃናት ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በዋናነት በአፍንጫው ነው። ቅቤ ወይም ዘይት ሲንጠበጠብለት ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፤ ሳንባ ዘይትን በቀላሉ አያስወግድም፤ ለሳምንታት የሚቆይ የሳንባ ብግነት ያስከትላል። እንደ ባሕር ዛፍ፣ ናናና ካምፎር ያሉ ኃይለኛ መዓዛማ ዘይቶች በሕፃን አፍንጫ ወይም ፊት ሲቀቡ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርሱ ይችላሉ። ጤና አዳምን በብዛት መውሰድ ለነፍሰ ጡር እናት አደገኛ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ቢያገኘውም ያቃጥላል።

የሚፈላ ውኃ ላይ ተደፍቶ መታጠን ቫይረሱን አይገድልም። በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት በእንግሊዝ የበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች በዚህ ምክንያት በፈላ ውኃ የተቃጠሉ ልጆች ቁጥር እጅግ መጨመሩን ጽፈዋል። ድስት በምድር ላይ በሚቀመጥበትና ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት አደጋው የባሰ ነው።

አፍንጫው የታፈነበት ሰው በጨው ውኃ ሊያጥበው ይችላል። ለአንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይበቃል። ውኃው መፍላት አለበት፤ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆኑ ከተሞች ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ለ3 ደቂቃ ያህል እንደፈላ ይቆያል፤ ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ያልፈላ የቧንቧ ውኃ ለአፍንጫ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ባጠቡበት የቧንቧ ውኃ ውስጥ በነበረ አሜባ አንጎላቸው ተጠቅቶ ሞተዋል። የተረፈው ውኃ በየቀኑ ይደፋል፤ ዕቃውም ለየሰው ይለያል። የጨው ውኃ አፍንጫን ያቀላል እንጂ ከኮሮና ቫይረስ እንደሚጠብቅ ማስረጃ የለም።

የባህል መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ለጤና ባለሙያው የዕፁን ስም፣ መጠኑንና የወሰደበትን ቀን ሳያፍር ይንገር፤ ባለሙያውም ሳይነቅፍ ይመዝግብ። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለኤች አይ ቪ ወይም ለቲቢ የታዘዘ መድኃኒት በዕፅ ምክንያት አይቋረጥም። ትንፋሽ ማጠር፣ በደረት ላይ የማያቋርጥ ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም መደናገር የታየበት ሰው ምንም ዓይነት የቤት መድኃኒት ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ነፃ የስልክ መስመሮቹ 8335 እና 952 ናቸው።